ግሉኮስ ስንጠብቅ

ሽማግሌውን በቃሬዛ ተሸክመው ቶንጎ ያለንበት ጤና ተቋም የደረሱት ጀንበር ስታዘቀዝቅ ነው። ዓይናቸው በኮሌራ ጎድጉዷል፤ የደም ሥራቸው አይዳሰስም። በደም ሥር የሚሰጠውን ሪንገር ሳንሰካላቸው አረፉ። ልጃቸው የነጠላውን ጫፍ ሲፈታ ሁለት ያልተከፈቱ የኦ.አር.ኤስ. ከረጢቶች ወደቁ፤ በውሃ በጥብጠው እንዲጠጡት ጠዋት በሰፈራቸው የተሰጧቸው ናቸው። «ምነው በመንገድ ሳታጠጣቸው?» አልኩት። «ግሉኮስ ይደረግላቸው ብለን እኮ ነው የመጣነው፣ ዶክተር» አለኝ።

ይህን መልስ መስማት ሰልችቶኛል። ብዙ ሰው ሕክምና የሚመስለው ክንድ ላይ የተሰካ መርፌ ነው፤ የሚጠጣው ማባበያ ይመስለዋል። «ተቅማጡን ያብሰዋል» ብሎ ውሃ የሚከለክልም አለ። ኮሌራ የሚገድለው ግን የሰውን ውሃና ጨው አሟጦ ነው፤ ለዚያም ሰዓታት ይበቁታል። በጽኑ ከታመሙት ያልታከሙት እስከ ግማሽ ይሞታሉ። የወጣው ፈሳሽ ቶሎ ከተተካ ግን ሟቹ ከመቶ አንድ አይሞላም፤ አብዛኛው ታማሚ በሚጠጣ ብቻ ይድናል። ራሱን ለሳተ፣ መጠጣት ላቃተው መርፌ ግድ ነው፤ ያም ቢሆን ሪንገር ላክቴት እንጂ ግሉኮስ አይደለም። በደም ሥር የሚገባ ግሉኮስ ብቻውን የወጣውን ጨው አይተካም።

እ.ኤ.አ. በ1971 ከምሥራቅ ፓኪስታን ጦርነት የሸሹ ስደተኞች ሕንድ ድንበር ላይ ባንጋኦን በኮሌራ ሲረግፉ፣ ሐኪሙ ዲሊፕ ማሃላናቢስ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ ሊያልቅበት ደረሰ። ጨው፣ ቤኪንግ ሶዳና ግሉኮስ በውሃ አስበጥብጦ ቤተሰብ የራሱን ታማሚ እንዲያጠጣ አደረገ። ከመቶ ሠላሳ ገደማ የነበረው የሟች ቁጥር ከአራት በታች ወረደ።

ይህ ለእኛ የሩቅ ታሪክ አይደለም። በጥር 2014 ዓ.ም. በአካባቢያችን በነበረው ውጊያ ከቶንጎና ከጉሬ ሸምቦላ መጠለያዎች ከ20 ሺህ በላይ ስደተኞች ተፈናቅለዋል። በዚያው ዓመት ነሐሴ ባሌ ዞን ኮሌራ ተነሣ፤ በ2016 መግቢያ ደግሞ መተማ ላይ ከሱዳን ጦርነት የሸሹትን አገኛቸው። ተኩስ ሲነሣ አምቡላንስ አይወጣም፤ ሪንገርም ከአሶሳ አይመጣም። እኛ ግን ወረርሽኝ በተነገረ ቁጥር የምንጠይቀው «ስንት ድንኳን፣ ስንት አልጋ?» ብለን ነው። ድንኳኑ ያስፈልጋል፤ ነገር ግን ቃሬዛ ላይ ላለ ሰው አይደርስለትም።

ለባልደረቦቼ የምለው ይህን ነው። ኦ.አር.ኤስ.ን በእጅ አስጨብጦ መሸኘት ሕክምና አይደለም። እዚያው አንዱን በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጡት፤ የመጀመሪያዋን ኩባያ ታማሚው ፊታችሁ ይጠጣ፤ ቢያስመልሰው አሥር ደቂቃ ጠብቃችሁ በዝግታ ቀጥሉ። የተረፈውን በጀሪካን አድርጋችሁ ለመንገድ ስጡ። ቤተሰቡ ግሉኮስ ካለ አትከራከሩት፤ ግሉኮሱ እዚያው ኦ.አር.ኤስ. ውስጥ አለ። ጨውንና ውሃውን ተሸክሞ በአንጀት ወደ ደም የሚያስገባው እሱ ነው። ይህንኑ ንገሩት፤ እውነት ስለሆነ ያጠጣዋል።