ያውቁ ኖሯል? ካናቢስ፣ ሞርፊንና የሚጥል በሽታ
የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2020 በ27 ድጋፍ፣ በ25 ተቃውሞና በአንድ ድምፀ ተአቅቦ ካናቢስን እጅግ አደገኛ ከተባሉት ዕፆች ዝርዝር አውጥቶታል። ተፈቀደ ማለት ግን አይደለም፤ ዛሬም ከሞርፊን ጋር በአንድ የቁጥጥር መደብ ይገኛል። በአገራችንም የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 አደንዛዥ ዕፆችን ይከለክላል። «ለሕክምና ከተፈቀደ ወጣቱ ይጠፋል» የሚለው ስጋት የሚናቅ አይደለም። ይሁን እንጂ ሞርፊንም ሱስ ያስይዛል፤ ሆኖም በሐኪም ትእዛዝ፣ ቁልፍ ባለው ሣጥን እየተጠበቀ የካንሰር ሕመምተኛን ስቃይ ያስታግሳል። የሚፈቀደው ቅጠሉን ማጨስ ሳይሆን ተጣርቶ መጠኑ የታወቀ መድኃኒት ከሆነ፣ ካናቢስን ለይተን የምንፈራበት ምክንያት አይታየኝም።

ሁሉን ይፈውሳል የሚሉትንም አልከተልም። ከዕፁ የሚወጣው ካናቢዲዮል አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2018 ለመጀመሪያ ጊዜ የተፈቀደው ለሁለት ብርቱ የልጅነት የሚጥል በሽታ ዓይነቶች ብቻ ነበር። ለነዚህ ልጆች በሩ ይከፈት እላለሁ። በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ ገጠር ላለው ለአብዛኛው ሕመምተኛ ግን የሚቀድመው ርካሹ የሚጥል በሽታ ክኒን፣ ፌኖባርቢታል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በአግባቡ ከታከሙ እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት ሳይጥላቸው መኖር ይችላሉ። ክብሪት ጭሮ ማሽተት በሽታውን አያቆመውም፤ ምድጃ ላይ ወድቆ ከመቃጠልም አያድንም። ጸበል የሚጠመቅ ሰውም ክኒኑን ማቋረጥ የለበትም፤ በድንገት ሲቋረጥ ለሕይወት የሚያሰጋ፣ የማያባራ መንቀጥቀጥ ሊያስነሳ ይችላል።