አስም ሲነሳ ሕመምተኛውን ለምን አናስተኛውም?

የአስም ሕመምተኛ ትንፋሽ ሲያጥረው «ትንሽ ጋደም በል» የሚል ምክር በየቤቱ ይሰማል። ምክሩ ከአዘኔታ የመጣ ቢሆንም ሕመሙን ሊያባብስ ይችላል። ለምን?

የመተንፈሻ ቧንቧዎቻችን እንደ ብረት ቱቦ ደረቅ አይደሉም። በዙሪያቸው ያለው የሳንባ ሥጋ ወደ ውጭ ይስባቸዋል፤ ግድግዳቸው ላይ ያለው ጡንቻ ደግሞ ያጠብባቸዋል። ሳንባ በአየር ሲሞላ ስበቱ ስለሚጠነክር ቧንቧዎቹ ይሰፋሉ። አየሩ ሲያንስ ግን ስበቱ ይላላል፤ ያን ጊዜ ጡንቻው ያሸንፋል።

ሰው በጀርባው ሲተኛ ሆድ ዕቃው ከሳንባ በታች ያለውን ዋናውን የመተንፈሻ ጡንቻ ወደ ላይ ይገፋዋል። በዚህም አየር ካስወጣ በኋላ ሳንባው ውስጥ የሚቀረው አየር ከግማሽ ሊትር በላይ ሊቀንስ ይችላል። ጉዳቱም ቀላል አይደለም፤ የአንድ ቧንቧ የውስጥ ስፋት በግማሽ ሲጠብ አየር ለማሳለፍ የሚያስፈልገው ኃይል እስከ 16 እጥፍ ያድጋል።

አተነፋፈሳችንም ድርሻ አለው። ጤነኛ ሰው ሳይታወቀው በየሰዓቱ ደጋግሞ በረጅሙ ይተነፍሳል፤ ይህም የቧንቧዎቹን ጡንቻ ለጥጦ ያፍታታዋል። እ.ኤ.አ. በ1995 በአሜሪካ የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ አስም የሌለባቸው ሰዎች ቧንቧ የሚያጠብ መድኃኒት ስበው በረጅሙ ከመተንፈስ ሲታቀቡ ቧንቧቸው እንደ አስም ሕመምተኛ ጠበበ። በሕመምተኛው ላይ ግን ረጅም ትንፋሽ የማፍታታት አቅሙ ደካማ ነው። ስለዚህ «በረጅሙ ተንፍስ» ማለት ብቻውን መድኃኒት አይሆንም። ቶሎ ቶሎ መተንፈስም አይረዳም፤ የገባው አየር ሳይወጣ ሌላ ስለሚጨመር ደረት ይወጠራል፣ ሰውየውም ይደክማል።

ታዲያ ምን እናድርግ? ሕመምተኛውን ቀና አድርገን እናስቀምጠው፤ የጠበበ ልብሱን እናላላለት። ሐኪም ያዘዘለትን የሚሳብ ሳልቡታሞል ወዲያው ይጠቀም፤ ከቻለ በዝግታ ስቦ ለ10 ሰከንድ ያህል ትንፋሹን ይያዝ። ከዚያ ከንፈሩን ሰብሰብ አድርጎ አየሩን ቀስ ብሎ ያስወጣ።

መድኃኒቱ ካላሻለው፣ አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃተው ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ ግን ሳንዘገይ ወደ ሆስፒታል እንውሰደው። በመንገድ ላይም ቢሆን አናስተኛው።