ኑኑ ቁምባ፤ መልክዐ ምድሯ፣ ታሪኳና የጥበበ እድ ተስፋዋ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአምቦና በባኮ በኩል ወደ ምዕራብ የሚያቀናው አውራ ጎዳና 330 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ነቀምት ይገባል፤ ከነቀምትም ወዲያ መንገደኛው ወይ ወደ ጊምቢና ወደ ደምቢ ዶሎ ይቀጥላል፣ ወይም በአርጆ በኩል ቁልቁል ወርዶ ዴዴሳን ተሻግሮ ወደ በደሌና ወደ መቱ ያልፋል። ከእነዚህ ጎዳናዎች ወጣ ብላ፣ በምሥራቅ ወለጋ ዞን ደቡባዊ ጠረፍ፣ ከጅማ ምድር ጋራ በምትዋሰንበት ስፍራ የምትገኘውን የኑኑ ቁምባን ወረዳ ግን፣ ዘመድ ወይም ጉዳይ ኖሮት ካልሆነ በቀር፣ ሆነ ብሎ የሚጎበኛት ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህም የወረዳዋ ስም ከአካባቢዋ ውጭ እምብዛም ሳይሰማ፣ ቡናዋና ማሯ፣ በቆሎዋና ኑጓ በሌላ ከተማ ስም እየተጠራ ወደ ገበያ ይወጣል። የዚህ ጽሑፍ ዐላማ ይህችን ወረዳ ከነጎረቤቶቿ ለአንባቢ ማስተዋወቅ፣ ከዚያም ጋራ ከጎዳና የራቀ አገር ድኻ የሚሆነው ምድሩ ሳያበቅል ቀርቶ ሳይሆን ያበቀለውን ጥሬውን ስለሚሰድድ መሆኑን በማስረጃ ማሳየት ነው።

የዚያን አገር መልክ የሠራው ከሁሉ በፊት ውኃ ነው። ዴዴሳ ከጅማ ተራሮች ፈልቆ ወደ ሰሜን ሲፈስስ፣ በስተ ምሥራቅ ዋማንና አንገርን፣ በስተ ምዕራብ ዳባናን እየተቀበለ፣ ሰፊውን ቆላ ሰንጥቆ ከዓባይ ይቀላቀላል፤ በኢትዮጵያ ምድር ለዓባይ ብዙ ውኃ ከሚገብሩት ወንዞችም በግንባር ቀደምትነት የሚቈጠር ነው። ኑኑ ቁምባ የምትገኘው በዚሁ በዴዴሳ ተፋሰስ ውስጥ ሲሆን፣ ከወይና ደጋው ኰረብታ እስከ ወንዙ ሸለቆ ድረስ ያለው የከፍታ ልዩነት በአጭር የእግር መንገድ ውስጥ የአየሩን ጠባይ፣ የአዝርዕቱን ዐይነትና የሰዉን አኗኗር ይለዋውጠዋል። ዝናሙ እንደ ምሥራቁ አገር በበልግና በክረምት የተከፈለ ሳይሆን፣ በሚያዝያ ወይም በግንቦት ጀምሮ እስከ ጥቅምት ሳይቋረጥ የሚወርድ አንድ ረዥም ወቅት ነው።

ይህ በረከት ግን ያለ ዋጋ የመጣ አይደለም። ዝናሙ ለብዙ ሺሕ ዓመታት ቀዩን አፈር እያጠበ ኖራ መሰሉን ንጥረ ነገር ከሥሩ ስለ ወሰደው፣ በወለጋ ብዙ ማሳ ኰምጣጣ ሆኗል፤ ኖራ ካልተጨመረበት በቀር የተበተነለትን ማዳበሪያ እንኳ በሚገባ አይጠቀምበትም። ወደ ሸለቆው ሲወረድ ደግሞ ወባ ሰውን፣ በቆላ ዝንብ የሚተላለፈው ገንዲ ከብትን ይጠብቃሉ። ገንዲ በሬውን ከገደለ ሞፈርና ቀንበር ዋጋ ስለማይኖራቸው፣ ሕዝቡ ጥንቱን መንደሩን በወይና ደጋው ጀርባ ላይ ሠርቶ፣ ቆላውን ለንብ ቀፎና ለአደን ትቶት ኖረ። እንግዲህ ቡናና ማር በዚያ አገር ኑሮ ላይ ይህን ያህል ሥልጣን ያገኙት በአጋጣሚ ሳይሆን፣ ከከብትና ከእርሻ ይልቅ ከዛፍ ጋራ የሚስማማ ምድር ስለ ነበረ ነው።

የአገሩ ታሪክ ከመጫ ኦሮሞ ታሪክ አይለይም። በ16ኛው መቶ ዓመት በተደረገው ታላቅ የሕዝብ እንቅስቃሴ መጫዎች ጊቤን ተሻግረው በዴዴሳ ዙሪያ ሲሰፍሩ፣ ሥልጣንን በየስምንት ዓመቱ ከአንዱ ጓድ ወደ ሌላው የሚያስተላልፈውን የገዳ ሥርዓት ይዘው መጡ። በስተ ደቡብ በጎረቤትነት የነበረው እናርያ፣ ንጉሡ በዐጤ ሠርፀ ድንግል ዘመን በክርስትና የተጠመቀለት፣ በወርቅ ግብሩ የታወቀ ጥንታዊ መንግሥት ነበር፤ በእርሱም እግር የተተካው የሊሙ መንግሥት በ19ኛው መቶ ዓመት በአባ ባጊቦ ዘመን ታላቅ የንግድ አገር ሆነ። ከሊሙ የሰቃ ገበያ የተነሣው ሲራራ ነጋዴ በጉዱሩ አሰንዳቦ አልፎ፣ ዓባይን ተሻግሮ ጎጃም ባሶ ይደርስ ነበር፤ ከዚያም ወደ ጎንደርና ወደ ምጽዋ ይቀጥል ነበር። በቅሎዎቹ የተጫኑት ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድና ቡና ከእነዚህ የምዕራብ አገሮች የወጣ ሀብት ነበር።

በነቀምት ደግሞ የለቃ መንግሥት በበከሬ ጎዳና ተመሥርቶ፣ በልጁ በሞረዳ በከሬ ዘመን ጸና። በ1874 ዓ.ም. በእምባቦ ጦርነት የሸዋው ራስ ጎበና ዳጬ የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ካሸነፈ በኋላ፣ ሞረዳ ሕዝቡን ከጦርነት አድኖ በሰላም ለሸዋ ገባ፤ ስለዚህም ለቃ ነቀምት ግብሯን እየከፈለች በራሷ ባላባት እንድትተዳደር ተፈቀደላት። የሞረዳ ልጅ ኩምሳ፣ በጥምቀት ስሙ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፣ ከዐጤ ምኒልክ ጋራ የተጻጻፋቸው ደብዳቤዎች ዛሬ ታትመው ይገኛሉ፤ ከነዚያም ወረቀቶች የወለጋ ግብር በወርቅና በዝሆን ጥርስ እየተመዘነ ወደ መናገሻው ከተማ ይጓዝ እንደ ነበር እንረዳለን።

ከጎዳና መራቅ ግን ሁልጊዜ ጉዳት ብቻ አልነበረም። የጣልያን ጦር አዲስ አበባን ከያዘ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ በነቀምት አቅራቢያ ቦነያ በተባለው ሜዳ ላይ ያረፉትን የጠላት አውሮፕላኖች፣ ከሆለታ ጦር ትምህርት ቤት የወጡ ወጣቶችና ጓደኞቻቸው ሰኔ 20 ቀን 1928 ዓ.ም. ሌሊት ወርረው አቃጠሏቸው፤ የጣልያኑ ጄኔራል ማልዮኮና አብረውት የነበሩት መኰንኖችም በዚያው ሞቱ። የጥቁር አንበሳ የአርበኞች ማኅበር ስሙን ያስጠራበት ይህ ሥራ የተፈጸመው በዚሁ፣ ጠላት ገና መንገዱን ባልለመደው በዋማ አገር ነበር።

ታሪኩን እስከዚህ ያወሳሁት ለጌጥ አይደለም። ከሰቃ ገበያ እስከ ኩምሳ ግብር፣ ከግብሩም እስከ ዛሬው የቡና ጭነት ድረስ አንድ ልማድ ሳይቋረጥ ይታያል፤ ይኸውም ሀብቱ ጥሬውን ወጥቶ፣ ጥበቡ በሌላ ስፍራ ተጨምሮበት፣ ትርፉ በዚያው መቅረቱ ነው። የጭነቱ ስም ከዝሆን ጥርስ ወደ ጀንፈል ተለወጠ እንጂ የንግዱ ሥርዓት አልተለወጠም።

ቡናን እናስቀድም። በ2000 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ከዚያ አካባቢ የሚመጣውን ቡና በነቀምት ስም ይመድበዋል፤ የውጭ አገር ቀማሾችም ፍሬው ትልቅ፣ ጣዕሙ የፍራፍሬ መሆኑን ያውቁለታል። አብዛኛው የሚሸጠው እንደ ቀላ ከነገለፈቱ በፀሐይ ደርቆ ጀንፈል ከሆነ በኋላ ሲሆን፣ ከሁለት ኪሎ ጀንፈል የሚገኘው ንጹሕ ቡና አንድ ኪሎ ያህል ብቻ ነው። እንግዲያው መቶ ኪሎ ጀንፈል ጭና ጭቃውን የምትወጣ በቅሎ ግማሹን ሸክም ለገለፈት ትደክማለች ማለት ነው። በወረዳው ውስጥ አንድ መለስተኛ የቡና መፈልፈያ ቢቆም፣ የመጓጓዣው ወጪ በግማሽ ይቀንሳል፤ በፖታሲየም የበለጸገው ገለፈትም ወደ ማሳው ተመልሶ አፈሩን ያበረታል፣ ወይም ተጨምቆ ማገዶ ይሆናል፣ ይህም ደኑን ያሳርፋል።

ከማሽኑ በፊት ግን አያያዙ ይቀድማል። በባዶ መሬት ላይ የተሰጣ ቡና የአፈር ሽታና ሻጋታ ይስባል፤ ከመሬት ከፍ ብሎ በተሠራ የሽቦ አልጋ ላይ በስሱ ተሰጥቶ፣ ቀን እየተገላበጠ፣ ሌሊትና በዝናም ጊዜ እየተሸፈነ፣ እርጥበቱ ከመቶ 11 ወይም 12 እስኪሆን ድረስ የደረቀ ግን የተፈጥሮ መዐዛውን ይዞ ይቆያል። ለዚህ የሚያስፈልገው እንጨት፣ ሽቦና ትጋት ነው፤ ሦስቱም ቢሆኑ ከአንድ የገበሬ ማኅበር ዐቅም በላይ አይደሉም።

ከቡና ቀጥሎ የሚመጣው ማር ነው፤ በእኔ አስተያየት የወረዳዋ ትልቁ ተስፋ ያለው በእርሱ ላይ ነው። ክረምቱ አልፎ ዘመነ ጽጌ ሲገባ፣ ሜዳው በአደይ፣ ማሳው በኑግ አበባ ቢጫ ይለብሳል፤ በበጋው ወራት ግራዋ ያብባል፤ በሚያዝያና በግንቦት ገደማ ደግሞ የነጩ ማር እናት የሆነው የገተም ዛፍ ይተካዋል፤ ብሳናም የራሱን መረር ያለ ማር ይሰጣል። እንዲህ አበባው እየተፈራረቀ ሲመጣ ንቡ ዓመቱን ሙሉ ያለ ሥራ የሚውልበት ወቅት ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ በዛፍ ላይ የሚሰቀለው ቀፎ በዓመት ከ5 እስከ 8 ኪሎ ከመስጠት አያልፍም፤ ሲቈረጥም የማሩ እንጀራ ከእጭና ከአምቡላ ጋራ ስለሚደባለቅ፣ ነጋዴው ለጠጅ ዋጋ ብቻ ይገዛዋል። ፍሬም ያለው ዘመናዊ ቀፎ ግን 15 ኪሎና ከዚያም በላይ ያስገኛል፤ እንጀራውም ሳይፈርስ በሽክርክሪት መሣሪያ ማሩ ብቻ ተለይቶ ስለሚወጣ፣ ንቡ እንደገና ሰም ለመሥራት ሳይደክም ወደ ማር መሰብሰቡ ይመለሳል።

የማር ቤት ለማቋቋም ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። ንጹሕ ክፍል፣ የማይዝግ ጋን፣ ማጥለያ፣ የእርጥበት መለኪያና ማሸጊያ ዕቃ በቂ ናቸው። እርጥበቱ ከመቶ 20 የማይበልጥ ማር ሳይቦካ ረዥም ጊዜ ይቆያል፤ የዓለም የምግብ ደንብም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። የሚተርፈው ሰም ደግሞ ራሱን የቻለ ሀብት ነው፤ ለጧፍና ለሻማ፣ ለመድኃኒትና ለቅባት የሚፈለግ ስለ ሆነ፣ አምቡላው ከሚደፋ ይልቅ ቀልጦ ቢጣራ ለድኻ ቤተሰብ ሁለተኛ ገቢ ይሆናል።

በቆሎም ቢሆን በዚያ ምድር ላይ ያለው ስፍራ ትንሽ አይደለም። በጎረቤቱ በባኮ የምርምር ማዕከል ተዳቅለው የወጡት ዘሮች፣ በተለይም በ1985 ዓ.ም. የተለቀቀው ቢ.ኤች. 660፣ የምዕራቡን አገር የበቆሎ ምርት እጅግ አበርክተውታል። ነገር ግን በጥር የሞላው ጎተራ በክረምት በነቀዝ ስለሚጎዳ፣ ገበሬው ዋጋው ሲረክስ ለመሸጥ ይገደዳል፤ ስለዚህ አየር የማያስገባ የቆርቆሮ ጎተራ የሚሠራ አንድ ቀጥቃጭ ለወረዳው የሚሰጠው ጥቅም ቀላል አይሆንም። ከክብደቱ ሲሶ ያህል ዘይት ያለበት ኑግም በመለስተኛ መጭመቂያ በአገሩ ቢጨመቅ፣ ዘይቱ ለወጡ፣ ፋጉሎው ለላሟ በዚያው ይቀራል፤ ኑጉ ጥሬውን ሲሄድ ግን ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ።

እዚህ ላይ ስለ ባለ እጆች ክብር መናገር ግዴታ ነው። ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ሸማኔውና ፋቂው በአገራችን ለብዙ ዘመን ተንቀው ኖረዋል፤ ዐጤ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ አዋጅ ማስነገራቸው የንቀቱን ጥልቀት ያስረዳል። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል፤ ይሁንና ልጁ ከመፈልፈያ ማሽን ጋራ ከሚውል ይልቅ ወረቀት ይዞ ሥራ ፈትቶ ቢቀመጥ የሚመርጥ ወላጅ ዛሬም አልጠፋም። ጥበበ እድ ካልተከበረ ማሽን ቢገዛም የሚጠግነው አይገኝም፤ የማይጠገንም ማሽን በአንድ ክረምት ዝጎ ይቀራል።

ከእኛ የባሰ ርቀት ያለባቸው አገሮች ምን እንዳደረጉ መመልከትም ይጠቅማል። በሕንድ ሰሜን፣ በሂማላያ ተራሮች ውስጥ የሚገኘው የሂማቻል ምድር ገደሉ ከፍ ያለ፣ ማሳው እንደ እርከን የጠበበ፣ በረዶው መንገድ የሚዘጋ ነው። በዚያ አገር ኮትጋርህ በተባለች መንደር ሳትያናንድ ስቶክስ የተባለ ከአሜሪካ የመጣ ሰው በ1916 እ.ኤ.አ. የተሻለ የአፕል ዘር ተከለ፤ ዛሬ አፕል የዚያ ግዛት ዋና የገበያ ፍሬ ሆኗል። በኩሉ ሸለቆ ደግሞ የቡቲ መንደር ሸማኔዎች በ1944 እ.ኤ.አ. የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቁመው፣ ክረምቱን በየቤታቸው የሚሠሩትን የሱፍ ሻል በአንድ ስምና በአንድ መለኪያ እየሸጡ በመላ ሕንድ ታወቁ። በእኛም አገር የጋሞ ደጋ የሆነችው ጨንቻ በአፕሏና በዶርዜ ሸማኔዎቿ መታወቋ፣ ይህ መንገድ ለባዕድ ብቻ የተከፈተ አለመሆኑን ይመሰክራል። በሁለቱም ስፍራ አገሩ የተለወጠው የሩቅ ፋብሪካ መጥቶ ሳይሆን፣ ለዚያ ከፍታና ለዚያ አየር የሚስማማ አንድ ፍሬና አንድ የእጅ ሥራ ተመርጦ፣ ብዙ ሰው በማኅበር ስለ ያዘው ነው።

ለኑኑ ቁምባ ማኅበር እንግዳ ነገር አይደለም፤ ደቦና ዕድር የማያውቅ መንደር የለም፤ ቡና አምራቾችንም በ1991 ዓ.ም. የተመሠረተው የኦሮሚያ የቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን የገበሬ ማኅበራት ራሳቸው ወደ ውጭ አገር መላክ እንደሚችሉ አሳይቷቸዋል። የጐደለው ሌላ ነው። ወለጋ ያለፉትን ዓመታት ያሳለፈው በሰላም እጦት ስለ ሆነ፣ ከሁሉ በፊት ነጋዴው ሳይፈራ የሚመላለስበት፣ ገበሬውም ተክሎ እለቅማለሁ የሚልበት ሰላም ያስፈልጋል፤ ከሰላሙ ቀጥሎ በክረምት የማይቋረጥ መንገድ፤ ከመንገዱ ቀጥሎ የመብራት ኃይል፣ ይህም በወረዳው ጅረቶች ላይ በሚተከሉ መለስተኛ ማመንጫዎች ሊረዳ ይችላል።

ይህ ሁሉ ተሟልቶ እስኪመጣ መቀመጥ ግን አይገባም። አንድ የማር ቤት፣ አንድ የቡና መፈልፈያ፣ አንድ የኑግ መጭመቂያና አንድ የጥገና ቤት አሁን ባለው ዐቅም ሊጀመሩ ይችላሉ፤ አራቱም ተደጋግፈው ይሠራሉ፣ ምክንያቱም የጥገና ቤቱ ሦስቱን ያቆማቸዋል፣ ሦስቱም ለጥገና ቤቱ እንጀራ ይሆኑታል። በ1999 ዓ.ም. በነቀምት የተከፈተው የወለጋ ዩኒቨርሲቲም ከየዓመቱ ተመራቂዎቹ ጥቂቶቹን መርጦ፣ ለአንድ ዓመት እንኳ በእነዚህ ቤቶች ሒሳቡን እንዲይዙ፣ የማሩን እርጥበት እንዲለኩ፣ ማሽኑን እንዲጠግኑ ቢያሠማራ፣ ትምህርቱ ከምድሩ ጋራ ይገናኛል። የወረዳው ገበሬ ለልጆቹ ትምህርት በቡናውና በማሩ ዋጋ ከፍሏል፤ የተማረውም ልጅ ያንን ቡናና ማር በአገሩ ስም ለገበያ ለማብቃት የመሥራት ዕዳ አለበት።