ጥቁሩን የሚሰጠው ክፍሉ ነው፦ ፕሮጀክተር በሁርሶ እንዴት ይሠራል?

ፕሮጀክተር ጥቁር ቀለም አያወጣም። ማሽኑ የሚችለው ብርሃን መላክ ብቻ ነው። ፊልሙ ውስጥ ሲመሽ ወይም የተዋናይቱ ጥቁር ፀጉር ሲታይ፣ ለዚያች ቦታ ብርሃን ይነፍጋታል እንጂ ጥቁር አይቀባትም። ጥቁሩን የሚሰጠው ክፍሉ ነው። ክፍሉ ከጨለመ ጥቁሩ ጥቁር ይሆናል፤ በሩ ተከፍቶ የቀን ብርሃን ከገባ ግን የፈለገ ውድ ማሽን ቢገዛ ሌሊቱ ግራጫ ሆኖ ይቀራል። ቤቱ ውስጥ ሲኒማ ለማዘጋጀት ላሰበ ሰው ከዚህ የሚቀድም ምክር የለኝም። ገንዘባችሁን መጀመሪያ ለጨለማው አውጡ፣ ለማሽኑ ቀጥሎ ይደረሳል።

ሁርሶ ላይ ይህ ምክር እጥፍ ይሠራል። ከድሬዳዋ በስተ ምዕራብ፣ በድሮው የጅቡቲ ባቡር መስመር ላይ ያለችው፣ ብዙ ሰው በወታደር ማሠልጠኛዋ የሚያውቃት ሁርሶ ቆላ ናት። ፀሐዩ ይበረታል፣ አቧራውም አያርፍም። ሰው የሚሰበሰበው ደግሞ ከሰዓት በኋላ ነው፤ በርጫውም የቤተሰብ ቡናውም በዚያው ሰዓት ነው። የቅዳሜው የመጀመሪያ የእንግሊዝ ጨዋታ እንኳ እንደ ወቅቱ 8፡30 ወይም 9፡30 ላይ ይጀምራል፤ ፀሐዩ ገና ሳይበርድ ማለት ነው።

እስቲ ወደ ሳጥኑ ውስጥ እንግባ። ኃይለኛ መብራት አለ፣ ምስሉን የሚሠራ ቺፕ አለ፣ ምስሉን አጉልቶ የሚወረውር ሌንስ አለ። ትልቁ ልዩነት ያለው ቺፑ ላይ ነው። ዲኤልፒ በሚባሉት ውስጥ ቺፑ ላይ በዓይን የማይለዩ ደቃቅ መስተዋቶች ተደርድረዋል፤ ቁጥራቸው በመቶ ሺዎች፣ በተሻሉት ላይ ደግሞ ከሚሊዮን በላይ ነው። አንዷ መስተዋት ወደ አንድ ጎን ስታዘነብል ብርሃኑን ወደ ሌንሱ ትልከዋለች፣ ወደ ሌላው ስታዘነብል ከመንገዱ ታስወጣዋለች። በሰከንድ ውስጥ በሺዎች ጊዜ ስለምትገላበጥ ዓይናችን መገላበጡን አይከታተልም፤ ብርሃን የላከችበት ጊዜ ሲበዛ ነጩን፣ ሲያንስ ግራጫውን እናያለን። ይህን ቺፕ እ.ኤ.አ. በ1987 የፈለሰፈው በቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ይሠራ የነበረው የፊዚክስ ሊቅ ላሪ ሆርንቤክ ነው። እኔ በዚህ ፈጠራ መገረሜ አልቀረም፤ ግድግዳችን ላይ የሚሮጠው ኳስ የሚሊዮን መስተዋቶች ጭፈራ ነው።

ኤልሲዲ የሚባሉት ሌላ መንገድ ይከተላሉ። ብርሃኑ በቀጭን ገጽ ውስጥ ያልፋል፤ ጥቁር ሲፈለግ ገጹ ይዘጋል፣ ነገር ግን ፈጽሞ አይዘጋም። በርካሽ ማሽኖች ላይ ጨለማ ትዕይንት ጭጋግ የለበሰ የሚመስለው ከዚህ ሾልኮ በሚያልፈው ብርሃን ነው።

አሁን ሒሳቡን እንሥራው። ማሽኑ የሚያወጣው፣ በሉመን የሚለካው ብርሃን የተወሰነ ነው፤ ምስሉን ባሰፋነው ቁጥር ያው ቡና ውሃ ሲጨመርበት እንደሚቀጥነው ይቀጥናል። የምስሉ ወርድ እጥፍ ሲሆን ድምቀቱ ወደ ሩብ ይወርዳል። 100 ኢንች የሚባለው ስክሪን ወርዱ 221፣ ቁመቱ 125 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። እውነተኛ 500 ሉመን ያለው ማሽን በዚያ ላይ ሲበራ፣ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር የሚያርፈው 180 ሉመን፣ ማለትም 180 ሉክስ አካባቢ ነው። 80 ኢንች ላይ ያው ማሽን ወደ 280 ሉክስ ይሰጣል። ለማነጻጸር ያህል፣ መስኮቱ በቀን ክፍት በሆነ ክፍል ውስጥ ያለው ብርሃን በመቶዎች የሚቆጠር ሉክስ ነው፤ ደጅ ፀሐይ ላይ ደግሞ ወደ 100,000 ይጠጋል። ስለዚህ መስኮቱ እንደተከፈተ ማሽኑ ከቀኑ ጋር እኩል እየታገለ ነው፤ ጥቁርና ነጭ መለያየታቸው ይጠፋል። ወፍራምና ጥቁር ገበር ያለው መጋረጃ ከግድግዳው ጫፍ እስከ ወለሉ ሲወርድ፣ ሁለት እጥፍ ብርሃን ያለው ማሽን ከመግዛት ይበልጣል። ዋጋውም አይወዳደርም።

ስክሪን መግዛት ግዴታ አይደለም። የተስተካከለና በስቱኮ የለሰለሰ ግድግዳ የማያብለጨልጭ ነጭ ፕላስቲክ ቀለም ከተቀባ በቂ ነው። የሚያብረቀርቅ የዘይት ቀለም ግን አይሆንም፤ የመብራቱን ነጸብራቅ ወደ ተመልካቹ ዓይን ይመልሳል። ቤታችሁ በአካባቢያችን እንደሚወደደው ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ከተቀባ ደግሞ ግድግዳው የገዛ ቀለሙን በምስሉ ላይ ይጭናል፤ ሰማያዊ ግድግዳ ቀዩን ይበላዋል። አቡጀዲ የሚሰቅል ሰው ከኋላው ጥቁር ጨርቅ ይደርብበት፤ ብቻውን ሲሆን ብርሃኑ አልፎ ይሄዳል። ከዚያ ተተኩሶ በአራቱም ጎን ይወጠር። ማታ ግቢ ውስጥ ለመመልከት ግን ከአቡጀዲ የተሻለ ነገር አላውቅም፤ ሁርሶ ላይ ቤቱ ሲሞቅ ደጁ ቀዝቅዞ ይጠብቃል።

ማሽኑን የት እናስቀምጠው? መግለጫው ላይ ‹ትሮው ሬሾ› የሚል ቁጥር ፈልጉ። 1.5 ቢል፣ የምስሉን ወርድ በዚያ አባዙት፤ 221 ሴንቲ ሜትር ለሚሰፋ ምስል ሌንሱ ከግድግዳው 3.3 ሜትር ገደማ ይርቃል ማለት ነው። ከዚያ ሌንሱን ከግድግዳው ፊት ለፊት ቀጥ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ከጎን ወይም ከላይ ወደ ታች አዘንብሎ ሲላክ ምስሉ የተጣመመ አራት ማዕዘን ይሆናል። ማሽኑ ‹ኪስቶን› በሚባል ማስተካከያ ያቃናዋል፣ ግን የሚያቃናው የምስሉን ነጥቦች እየቆረጠ በመጣል ነው፤ ጽሑፍ ይደበዝዛል። አስቀማመጡን በእጅ ማስተካከል ምንም አያስከፍልም።

ሌላው አገር ‹ኮርኒስ ላይ ስቀሉት› ይላል። ሁርሶ ላይ አልመክርም። ብዙ ማሽኖች የሚሠሩት አየሩ እስከ 35 ወይም 40 ዲግሪ ሲሆን ነው፤ በግንቦትና በሰኔ ድሬዳዋ አካባቢ የቀኑ ሙቀት 35 መድረሱ የተለመደ ነው። ከቆርቆሮ በታች ደግሞ ሙቅ አየር ወደ ላይ ይከማቻል። ኮርኒስ ላይ የተሰቀለ ማሽን የቤቱን ትኩስ አየር እየሳበ ራሱን ለማቀዝቀዝ ይሞክራል። ዝቅ ያለ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ፣ የአየር ቀዳዳዎቹ ዙሪያ አንድ ክንድ ያህል ባዶ ይሁን፣ ዳንቴል አይደረብበት። የአየር ማጣሪያ ካለው በየሳምንቱ ይጽዳ፤ በአቧራ የታፈነ ፋን ማሽኑን በሙቀት ይገድለዋል። የሌንሱን አቧራ በአፍ አትንፉት፣ ምራቅ ይቀራል፤ ለስላሳ የሌንስ ጨርቅ ይበቃል።

ፋኑን ካነሳን ስለ ከፍታም ልናገር። ከ1,500 ሜትር በላይ አየሩ ስለሚሳሳ ፋኑ መፍጠን አለበት፤ በማሽኑ ማውጫ ውስጥ ‹ከፍተኛ ቦታ› የሚል ምርጫ ያለው ለዚህ ነው። ድሬዳዋና ሁርሶ ከዚያ በታች ናቸው። ማሽኑን ይዛችሁ ወደ ሐረር ወይም ወደ አዲስ አበባ ከወጣችሁ ምርጫውን አብሩት።

መብራት ሲሄድ ችግሩ እንደ ማሽኑ ዓይነት ይለያያል። በአምፖል የሚሠሩት በጣም ስለሚግሉ፣ ፋኑ በድንገት ሲቆም አምፖሉ ይጎዳል፤ ትንሽ ዩፒኤስ ማሽኑን በወጉ አጥፍቶ ለማቀዝቀዝ ጊዜ ይሰጣል። በኤልኢዲ የሚሠሩት ይህን ይችሉታል፣ ዕድሜያቸውም በብዙ እጥፍ ይረዝማል፤ ለእኛ አካባቢ እነሱን እመርጣለሁ። ስታብላይዘር ግን ለሁለቱም ያስፈልጋል።

ድምፁን ከማሽኑ ከራሱ አትጠብቁ። ስፒከሩን ከምስሉ በታች አድርጉት፣ በኬብልም አገናኙት፤ በብሉቱዝ ሲሆን ድምፁ ስለሚዘገይ የተዋናዩ ከንፈርና ቃሉ ይለያያሉ።

ልትገዙ ወደ ድሬዳዋ ስትሄዱ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን የሉመን ቁጥር አትመኑ። በርካሽ ማሽኖች ላይ የሺዎች ቁጥር በብዛት ተጋኖ ይጻፋል፤ የሚታመነው ‹አንሲ ሉመን› የሚለው ነው። ‹1080 ይደግፋል› ማለትም ማሽኑ በ1080 ያሳያል ማለት አይደለም፤ የራሱ የቺፑ ጥራት ስንት እንደሆነ ጠይቁ። ከመክፈላችሁ በፊት ባለ ሱቁን ማሽኑን እንዲያበራላችሁ፣ በቤታችሁ ርቀት ልክ እንዲያስቀምጥና ከአንድ ፊልም የሌሊት ትዕይንት እንዲያሳያችሁ ለምኑት። የሱቁ በር ተከፍቶም ተዘግቶም እዩት።