አንበሳው ዞር የሚልበት ጥግ

ከደብረ ታቦር ልጆቻችንን ይዘን አዲስ አበባ ስንሄድ ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢን ሳናሳያቸው አንመለስም። በ1940ዎቹ መጀመሪያ በአፄ ኃይለ ሥላሴ የተመሠረተው ግቢ የባለጥቁር ጎፈር አንበሶች መኖሪያ ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት አንበሶቹ በዘረመላቸው ከሌሎች የተለዩ መሆናቸውን አሳይቷል።

ይህ ቅርስ ያለው ግን መንገድና ሕንጻ በከበበው ጠባብ ቦታ ነው። ማስፋት ደግሞ ፍርግርግ መጨመር ብቻ አይደለም። በከተማው ፕላን የተከለለ መሬት፣ የታመመ እንስሳ የሚለይበት ክፍል፣ በአግባቡ የተሠራ የፍሳሽ መውረጃ ይጠይቃል። የመንገዱን ጫጫታ የሚያለዝብ የጽድና የወይራ መስመር፣ ጥላና አንበሳው ከሰው ዓይን ዞር የሚልበት ጥግም ያስፈልጋል። ልጆቻችን «የት ሄደ?» ብለው ትንሽ ቢጠብቁ ትዕግሥት ይማራሉ እንጂ አይጎዱም።

ለእኛ ትምህርቱ ቅርብ ነው። ከተማችን እየሰፋች ነው፤ ርብና ጉማራ የሚነሱበት፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለው ጉናም ደጃችን ነው። ለአውሬና ለዛፍ የሚሆን ቦታ የሚከለለው ቤት ከመሠራቱ በፊት ነው፤ ከተሠራ በኋላ ካሳው ከመሬቱ ይብሳል። ስለ ፕላን በሚመከርበት ስብሰባ ላይ ወላጆችም እንገኝ።