ያውቁ ኖሯል? ከኋላ የተጫነ ክብደት የፊት ጎማን ያቀላል

በአሜሪካ አውራ ጎዳናዎች ፒክአፕ መኪና ተጎታች ቤት ስቦ ሲጓዝ ማየት የተለመደ ነው። የተጎታቹ ሸክም የመኪናውን ኋላ ሲጫን ፊቱ ከፍ ይላል፤ መሪው ይቀላል፣ የፊት ፍሬን ይደክማል፣ መብራቱም ከፊት ለፊት የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ይወጋል።

• ከተለመደው ተጎታች ቤት ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶው ተጎታቹ ከመኪናው ጋር የሚያያዝበት መንጠቆ ላይ እንዲያርፍ ይመከራል። ለ3,000 ኪሎ ተጎታች ይህ ከ300 እስከ 450 ኪሎ ነው።

• ይህን የፊት መቅለል የሚያስተካክለው ክብደት አከፋፋይ መንጠቆ ሁለት ጠንካራ የብረት ዘንጎች አሉት። ዘንጎቹ ሲወጠሩ ከኋላ ጎማዎች ላይ ጫና ቀንሰው ለመኪናው የፊት ጎማዎችና ለተጎታቹ ጎማዎች ያካፍላሉ።

• የዘንጎቹን ውጥረት ለመለካት ሜትር ይበቃል። ዕቃው ሁሉ ተጭኖ፣ ሜዳ ቦታ ላይ፣ ከመሬት እስከ ፊት ፓራፋንጎ ያለውን ከፍታ ሦስት ጊዜ ይለኩ፦ ተጎታቹ ሳይያያዝ፣ ዘንጎቹ ሳይወጠሩ ተያይዞ፣ በመጨረሻም ዘንጎቹ ተወጥረው። ከፍታው 90 ሴንቲ ሜትር የነበረው 94 ቢደርስና የመኪናው መመሪያ «ግማሹን መልሱ» ቢል፣ ግብዎ 92 ነው።

• ዘንጎቹን ከልክ በላይ መወጠርም አደጋ አለው። የኋላ ጎማዎች ስለሚቀሉ መኪናው በእርጥብ መንገድ ወይም በኩርባ ላይ ሊንሸራተት ይችላል።

• መንጠቆው ክብደት ያካፍላል እንጂ አይቀንስም። መኪናው እንዲጎትት ከተፈቀደለት ከፍተኛ መጠን በላይ ለመጎተትም አያስችልም።