ለልጅ ሰርግ የሚቆይ ባሮሎ

ከእናንተ ደጋግሞ የሚደርሰኝ ጥያቄ አለ፦ «ልጄ በተወለደችበት ዓመት የተመረተ የጣሊያን ቀይ ወይን ገዝቼ ለሰርጓ ላስቀምጥላት፤ የቱ ይሻለኛል?» እኔ ባሮሎ ነው የምለው። ለምን እንደሆነ ላስረዳ። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ባሮሎ በሰሜን ምዕራብ ጣሊያን፣ ፒየሞንቴ ውስጥ፣ ላንጌ በሚባሉት ኮረብቶች ላይ ከሚበቅለው ከኔቢዮሎ ወይን ብቻ ነው የሚሠራው። አዲሱን ባሮሎ ብርጭቆ ውስጥ ስታዩት ስስ ነው፤ ከጀርባው ጣታችሁ ይታያል። ቀላል መስሏችሁ ስትጎነጩት ግን ድዳችሁን ጨምድዶ ይይዛል፣ ምላሳችሁ ይደርቃል፣ ወዲያው ደግሞ ምራቅ የሚያመጣ ኮምጣጣነት ይከተላል። ያ አፍ የሚይዘው ነገር ታኒን ነው፤ ከፍሬው ልጣጭና ከዘሩ ይወጣል። ወይኑን ለዓመታት ጠብቀው የሚያቆዩት እሱና አሲዱ ናቸው። እያደር ታኒኑ ከቀለሙ ጋር እየተያያዘ ይከብድና አተላ ሆኖ ይዘቅጣል። ወይኑ ይለዝባል፤ መልኩ ወደ ጡብ ቀለም ይሄዳል፤ የደረቀ ጽጌረዳ፣ የሬንጅ፣ የቆዳና የእንጉዳይ ሽታ ያመጣል። እና ሱቅ ውስጥ ሻጩ «አሁኑኑ ለስልሶ ይጠጣል» ብሎ የሚያመሰግንላችሁን ጠርሙስ ለዛሬ እራት ውሰዱት እንጂ ለሰርግ አታስቡት።

በክርስትናዋ ቀን እገዛለሁ ብትሉ ግን አታገኙትም። በሕጉ መሠረት ባሮሎ ቢያንስ 38 ወር፣ ከዚያም ውስጥ 18ቱን ወር በእንጨት በርሜል፣ ካልቆየ አይሸጥም። ሪዜርቫ የተባለው 62 ወር ይፈልጋል። የ2021 ምርት ገበያ የወጣው በ2025 ነው።

ባሮሎ የሚመረትባቸው 11 ቀበሌዎች አንድ አይደሉም። ከላ ሞራ የሚመጣው ባብዛኛው ለስለስ ያለና ቶሎ የሚደርስ ነው። ሴራሉንጋ ዳልባና ሞንፎርቴ ዳልባ ግን መሬታቸው ያረጀ፣ ኖራ የበዛበት ነው፤ ወይኑም ጠንካራና ለመብሰል የማይቸኩል ይሆናል። ሃያ ዓመት ለሚቀመጥ ጠርሙስ ሴራሉንጋን እመርጣለሁ።

ዓመቱን በተመለከተ 2010፣ 2013፣ 2016 እና 2019 ለረጅም ቆይታ የታመኑ ናቸው። ልጃችሁ ከእነዚህ ውጭ ብትወለድም ተስፋ አትቁረጡ፤ ከዓመቱ በላይ ሠሪው ይበልጣል። በ2002 ባሮሎን በረዶ መታው፤ ብዙዎች በዚያ ዓመት ዋና ወይናቸውን አላወጡም። የጃኮሞ ኮንቴርኖ ቤት ግን ሞንፎርቲኖ የተባለውን ስመ ጥር ባሮሎውን ሠራ፤ ዛሬም በአድናቆት ይነሳል።

የሞንፎርቲኖ ዋጋ ግን የአብዛኞቻችን አቅም አይደለም። ገንዘብ ሲያጥር ወደ ጎረቤት ባርባሬስኮ ተሻገሩ። ወይኑ ያው ኔቢዮሎ ነው። እዚያ በ1958 የተቋቋመ ፕሮዱቶሪ ዴል ባርባሬስኮ የተባለ የገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበር አለ፤ በጥሩ ዓመታት የዘጠኝ ማሳዎችን ወይን ለየብቻ እየጠመቀ ሪዜርቫ ያወጣል። ከዋጋው አንጻር ይህን ያህል ዕድሜ የሚሰጥ ወይን እኔ አላውቅም። ሞንቴስቴፋኖ የተባለው ማሳ ከሁሉም ጠንካራው ስለሆነ ለማቆየት እሱን ፈልጉ። ከሳንጆቬዜ የሚሠራው የቶስካናው ብሩኔሎም ይቆያል፤ እሱ ግን ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል።

አሁን አደራ የምለውን ልንገራችሁ። የትኛውም ጠርሙስ ሙቀት ያበላሸዋል። ከ12 እስከ 14 ዲግሪ የሚሆን፣ ቅዝቃዜውና ሙቀቱ የማይለዋወጥበት ጨለማ ቦታ ያስፈልጋል። ቡሹ እንዳይደርቅ ጠርሙሱ ይተኛ። ወጥ ቤት፣ ምድጃ አጠገብ ወይም ሳሎን ቡፌ ላይ አታስቀምጡት። በጋው በሚያቃጥልባቸው እንደ ዋሽንግተንና ሚላኖ ባሉ ከተሞች አፓርታማ ውስጥ የምትኖሩ፣ የወይን ማቀዝቀዣ ከሌላችሁ፣ ወይን በአደራ ለሚያስቀምጡ ድርጅቶች ከፍላችሁ ስጡት። ያ ወጪ ከበዛባችሁ ውድ ጠርሙስ አትግዙ።

ከቻላችሁ ሦስት ግዙ። አንዱን በአሥረኛው ዓመት ግማሹን ጠጥታችሁ ግማሹን ለነገ አሳድሩት። በማግስቱ ይበልጥ ከጣፈጣችሁ ሌሎቹን አትንኳቸው። ለሰርጉ የተቀመጠውን ከመክፈታችሁ ሁለት ቀን ቀደም ብላችሁ ጠርሙሱን አቁሙት፣ አተላው ይዘቅጣል። ስትቀዱ ሳትነቀንቁት፣ ቀስ ብላችሁ፤ አተላው ወደ አንገቱ ሲመጣ አቁሙ።